ሆድ ነው የተባባልነው

አባቴ በዚያ እሁድ ለመታመም የወሰነው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ መታጠቢያ ቤት ቆሞ ጢሙን ሲላጭ ነው። ምክሩ ላይ እኔም ነበርኩበት።

«ምስክሬ» አለኝ በመስተዋቱ ውስጥ እያየኝ፤ ግማሽ ፊቱ አረፋ ነው። «ዛሬ ሆዴን ሊያመኝ ነው።»

«መቼ?»

«አምስት ሰዓት ገደማ። እናትሽ ‹በሉ ጫማ አድርጉ› ስትል።»

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ምስክሬ የሚለኝ ስሜ ሆኖ አይደለም፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ውስጥ እሱና እናቴ በተከራከሩ ቁጥር ለምስክርነት የምጠራው እኔ ስለነበርኩ ነው። ቧንቧውን ከፍቶ የሄደው ማነው? መጀመሪያ የጮኸው ማነው? «ይቺ ልጅ ትመስክር!» ይባላል፤ እኔም ማንኪያዬን አስቀምጬ እመሰክራለሁ። ብዙ ጊዜ ወደ አባቴ አደላ ነበር። እሱ ያስቀኛል፤ እናቴ ደግሞ የሒሳብ አስተማሪ ስለነበረች ማስረጃ ትጠይቀኛለች።

የዚያን ቀን የምንሄደው የእናቴ ታላቅ ወንድም ቤት ለምሳ ነበር። አባቴ «ሬዲዮ» ይለዋል። «ሬዲዮ እንኳ መዝጊያ አለው» ይላል ደግሞ። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ እሱ ቤት መብላት ግዴታችን ነው። በመጨረሻ የሄድን ጊዜ የጣሪያውን ቆርቆሮ ከማን እንደገዛ፣ ከማን ሊገዛ አስቦ እንደነበረና ለምን እንደተወው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያስረዳን፣ አባቴ ጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን እየቆነጠጠ ነው የጨረሰው።

«ሆድ ብቻ ነው?» አልኩት። ሥራዬን በደንብ ማወቅ ፈልጌ ነው።

«ሆድ ብቻ። ራስ ምታት አይሠራም፤ ኪኒን ሰጥታ ትወስደኛለች። ትኩሳት ብል ትለካኛለች። ሆድን ግን ማንም ገብቶ አያየውም።» ምላጩን አጠበና በጣቱ አፍንጫዬ ላይ አረፋ ቀባኝ። ከአረፋው ሥር የሙጫ ሽታ ይሸተኛል። ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር፤ ሙጫው በሳሙናም በሲጋራም አይሸነፍም።

አራት ሰዓት ላይ እናቴ የጋዝ ሲሊንደር ከታች እንዲያመጣ ላከችው። ሊፍት የለንም። እኔም ተከትዬው ወረድኩ። ሲሊንደሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ሁለተኛው ፎቅ ሲደርስ ቆመ፤ ቀስ ብሎ አወረደውና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እጁን ሸሚዙ ውስጥ አስገባ።

«ምን ሆንክ?»

«ደረቴን ያዝ አደረገኝ።»

ሰዓቴን አየሁ። አዲስ ሰዓት ነበረኝ፤ በየደቂቃው የማየው። «አባዬ፣ ገና አራት ሰዓት ተኩል እኮ ነው» አልኩት።

ሳቀ። ሳቁ አጭር ነበር፤ መሃል ላይ ትንፋሽ አጠረው። እኔ ልምምድ ላይ ያለ መስሎኝ በጣም አደነቅሁት።

ከፊት ለፊታችን ያለው በር የ«ታችኛዋ» በር ነው። ታችኛዋ የምንላት ከእኛ ሥር የምትኖረው ሴትዮ ናት። የመታጠቢያ ቤታችን ውሃ በእሷ ጣሪያ ላይ ያንጠባጥባል። ሁለት ወር ሙሉ እሷ «አሠሩልኝ» ትላለች፣ እናቴ «ቧንቧው የአከራዩ ነው» ትላለች፣ አከራዩ ስልክ አያነሣም። ቃል መለዋወጥ ካቆሙ በኋላ ንግግሩ በመጥረጊያ እንጨት ሆነ፤ ውሃ በወረደ ቁጥር ጣሪያዋን ከሥር ትደበድበዋለች፤ እናቴም ወለሉን በተረከዟ ትመልስላታለች። ታችኛዋ የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ትላልቅ እጆቿ በሳሙናው ብዛት ቀልተው የተላጡ ናቸው። እኔ በእነዚያ እጆች ሰው የምትደበድብ ይመስለኝ ነበር፤ በሯን የማልፈው ሮጬ ነው።

ቤት እንደገባን አባቴ ሲሊንደሩን ማድ ቤት በር ላይ ጥሎ አልጋው ላይ ወጣ። አምስት ሰዓት ላይ እናቴ «በሉ ጫማ አድርጉ!» አለች። ልክ እንደተነገረኝ። ሄጄ አየሁት።

እንደዚያ የተዋጣለት ሕመምተኛ አይቼ አላውቅም። ፊቱ የደረቀ ሙጫ መስሏል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ የአንገትጌው ዙሪያ ርሷል። ውሃ ነክቶ የመጣ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ «አባዬ፣ ጎበዝ ነህ» አልኩት በሹክሹክታ።

«ምስክሬ» አለኝ። «ጥርሴን አመመኝ።»

«ምን?»

«ጥርሴን። መንጋጋዬን። ይኼን ክንዴንም።»

ተናደድኩ። የልጅነት ንዴቴ አሁንም ትዝ ይለኛል፦ ሰው እንዴት ራሱ ያወጣውን ዕቅድ ራሱ ያበላሻል? እናቴ ጥርስ፣ ክንድና ሆድ አንድ ላይ ብትሰማ ወዲያው ትነቃብናለች። ጆሮው ሥር ገብቼ «ሆድ ነው የተባባልነው!» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። ዓይኑን ጨፈነ። «ውሃ አምጪልኝ።»

እናቴ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆመች። «ደግሞ ጀመረህ?»

«የምሬን ነው።»

«ሁሌም የምርህን ነው። ባለፈው ወር ወገብህን፣ ከዚያ በፊት ጆሮህን። ሦስት እሁድ፣ ሦስት በሽታ! ለመሆኑ ወንድሜ ምን በድሎሃል?»

«ትንሽ ልረፍና እንሄዳለን።»

«አይ፣ ረፍ! እስከ ነገ ረፍ!» ብላ ማድ ቤት ገባች፤ የሰሃን ኳኳታ ተጀመረ። እናቴ ሲከፋት የታጠበ ሰሃን መልሳ ታጥባለች። ጥቂት ቆይታ ጠራችኝ። እጇ ላይ አረፋ አለ፤ ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

«አንቺ ምስክር። እውነት አሞታል?»

«አዎ። ሆዱን።»

«ሌላስ? ሌላ የሚያመው ነገር አለኝ አላለሽም?»

«ምንም። ሆዱን ብቻ።»

ይኼን ቃል ስንት ዓመት ይዤው እንደኖርኩ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና አዘጋጅቶ ነበር። አሠልጣኙ ወጣት ነው፤ የድንገተኛ የልብ ሕመምን ምልክቶች በጣቱ እየቆጠረ ይነግረናል፦ ደረትን ጭብጥ አድርጎ የሚይዝ ሕመም፣ ወደ ክንድ የሚሄድ፣ ወደ መንጋጋ፣ ወደ ጀርባ፤ ቀዝቃዛ ላብ፤ የትንፋሽ ማጠር፤ ማቅለሽለሽ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «ብዙ ሰው ግን ጨጓራ ነው ብሎ ይቀመጣል» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ።

አባቴ ግን ዝም ብሎ መተኛት መቼ ያውቃል! የሆድ ጋዝ ነው፣ ልራመድበት ብሎ ተነሣ። ግድግዳውን እየደገፈ መታጠቢያ ቤት ገባ። ወዲያው ትልቅ ነገር ወደቀ። ስንደርስ ባልዲውን ሊይዝ ብሎ ገልብጦታል፤ ውሃው ወለሉን ሞልቶ ወደ ኮሪደሩ እየፈሰሰ ነው፤ እሱ ሽንት ቤቱ መቀመጫ ላይ ቁጭ ብሎ በቀኝ እጁ ግራ ክንዱን ያሻል። እናቴ ቦርሳዋን ውሃው ላይ ጣለችው። ያን ጊዜ ነው የገባት። ወደ ስልኩ ሮጠች።

ማን ጋ ብትደውል ጥሩ ነው? ወንድሟ ጋ! እስከ ዛሬ ሳስበው አንጀቴ ያርራል። አምቡላንስ የሚባል ነገር አለ፤ ቁጥሩ በመዝገብ ወረቀት ተጽፎ ከስልኩ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ የለጠፈችው ራሷ ናት። እሷ ግን ሬዲዮ ጋ ደወለች። ሬዲዮ ደግሞ ከተከፈተ ተከፈተ። «እሺ ጋሼ… እሺ… አይ፣ ትናንት ሥጋ አልበላም… እሺ፣ ለብ ባለ ውሃ… ጋሼ፣ ስማኝ እንጂ…» ትላለች፤ ገመዱን ጣቷ ላይ እየጠመጠመች።

ከሥር የመጥረጊያው እንጨት ጀመረ። ዷ! ዷ! ዷ! ከዚያ ቆመ። ከዚያ ደረጃው ላይ ኮቴ፤ ከዚያ በራችን ተደበደበ። ከፈትኩ።

«ዛሬስ ጣሪያዬን ልታወርዱት ነው?» ታችኛዋ ናት። ፀጉሯና ትከሻዋ ረጥቧል፤ በነጠላ ጫማ ናት። እኔን ገፋ አድርጋ ገባች። «እስኪ አሳዩኝ! ይኼን ውሃ የሚያፈሰው ሰው ማን እንደሆነ ዛሬ…»

አባቴን አየችው። ቃሏን መሃል ላይ ተወችው።

«ከጀመረህ ስንት ሆነህ?» አለችው።

«ደህና ነኝ። ሆዴን ነው።»

«ሆድህ ክንድህ ላይ ነው እንዴ?»

መልስ አልጠበቀችም። ብብቱ ሥር ገብታ ወደ ኮሪደሩ አወጣችው፤ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፋ መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ ጉልበቱን አጥፋ ከሥሩ የሶፋ ትራስ ወሸቀችበት። የሸሚዙን ቁልፍ ፈታች፤ ቀበቶውን ፈታች። የሰው አባት ቀበቶ! ከዚያ እናቴ ጋ ሄዳ ስልኩን ከእጇ ወሰደችና፣ ሬዲዮ እያወራ፣ ዘጋችበት። በሕይወቱ አንድ ሰው ሲዘጋበት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ግን «ባለጌ» አልኳት በሆዴ።

አምቡላንስ ጋ ደወለች። ድምፅዋ ቃል የምታጽፍ አስተማሪ ይመስላል። «ወንድ፣ አርባ አራት ዓመት ገደማ። ደረቱንና ክንዱን። ላብ አጥምቆታል። አዎ፣ ይናገራል። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፣ አልጋችሁ ታጣፊ ይሁን።» አፏን ከስልኩ ሳታርቅ ወደ እናቴ ዞረች፦ «አስፕሪን አላችሁ?»

«ለእኔ ራስ ምታት… አለ።»

«አምጪ። አንተ፣ አስፕሪን አይስማማኝም የምትለው ነገር አለ? ደም የሚያስታውክ ጨጓራ?»

«ጨጓራ ነው ያልኩሽ እኮ…»

«ደም!»

«የለም።»

«እንግዲያው አኝከው። እንዳትውጠው፤ አኝከው!»

አባቴ አኘከ። ፊቱ ተጨማደደ፤ ከንፈሩ ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ። መርዝ ነው አልኩ። ሁለት ወር ጠብቃ፣ ለአንዲት የምታንጠባጥብ ጣሪያ አባቴን በቤቱ ውስጥ እያስገደደች መርዝ አበላችው፤ እናቴም ውሃ ውስጥ ቆማ ዝም ብላ ታያለች።

ክፍት ከቀረው በር ጡረተኛው ጎረቤታችን ስኳር የተበጠበጠበት ብርጭቆ ይዞ ገባ። «ይጠጣ» አለ።

«አይጠጣም» አለች ታችኛዋ።

«እንግዲያው ሽንኩርት ይሽተት።»

«ምን ያደርግለታል?»

«መኪናዬ ታች ናት። አምቡላንስ እስኪመጣ ምን ያስጠብቃል? ደገፍ አድርገነው ቀስ እያለ ይውረድ።»

«ሦስት ፎቅ በእግሩ? አንዲት እርምጃ አይራመድም። አባባ፣ ከወደዱት ታች ወርደው በሩ ላይ ይቁሙና አምቡላንሱን ያሳዩልኝ።» ሰውዬው ቅር ብሎት፣ ብርጭቆውን ራሱ እየጠጣ ወረደ።

በዚህ መሃል አባቴ ለእናቴ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ያችን ጥቁር ሱሪ አምጪልኝ። በዚህ ሱሪ ሰው ፊት አልወጣም።» እናቴም ሄደች! ቁም ሣጥኑን ከፍታ ሱሪ መፈለግ ጀመረች! «ጥቁሩ የቱ ነው? ባለመስመሩ?» ትላለች ከውስጥ። «የለም፣ ሌላኛው» ይላል እሱ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ሌላኛው አልተተኮሰም» ትላለች። ታችኛዋ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። «እናንተ ሰዎች» አለች፣ «ለሞት እንኳ አትመቹም።»

ሱሪው ሲመጣ የአባቴ አገጭ ደረቱ ላይ ወድቋል። ከዚያ አንኮራፋ። አንድ ረጅም፣ ወፍራም ማንኮራፋት፤ ቆይቶ ሌላ።

«ተመስገን» አለች እናቴ፤ ሱሪውን ደረቷ ላይ አቅፋ። «እንቅልፍ ወሰደው። እያንኮራፋ ነው።»

እኔም ደስ አለኝ። የእሁድ ከሰዓት እንቅልፉ ልክ እንደዚህ ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ስድስት ሰዓት ከሩብ። የሬዲዮ ምሳ አልፏል። አሸንፈናል።

«ይኼ ማንኮራፋት አይደለም!» ብላ ታችኛዋ ጮኸች። ትከሻውን ያዘች፣ ነቀነቀችው፣ በስሙ ጠራችው። እግሮቹን ስባ አጋደመችው፤ ጭንቅላቱ ወለሉን ሲመታ ሰማሁ። ከጎኑ ተንበረከከች፤ እነዚያን ቀያይ እጆቿን አንዱን በአንዱ ላይ ደርባ ደረቱ መሃል ላይ አስቀመጠችና፣ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። አንድ። ሁለት። ሦስት። ውሃው በየጊዜው ከሥሩ ፊጭ ይላል። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ላይ አንድ ነገር ቀጭ አለ። እንደ ደረቅ እንጨት።

ሮጬ ክንዷን ነከስኩት። ቆዳዋ የልብስ ሳሙና ጣዕም ነበረው። አልጮኸችም፤ አልመታችኝም። «ልጅቷን ያዢልኝ» አለች ቀና ሳትል፣ «አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት…» እናቴ አንገትጌዬን ይዛ አነሣችኝ። በመንከሴ ምናልባት ሦስት ወይም አራት ግፊት አስቀርቼበታለሁ። ዛሬ በደቂቃ ከመቶ ማነስ እንደሌለበት አውቃለሁ። እየቆጠርኩ የማነጋባቸው ሌሊቶች አሉ።

ታችኛዋ ደከማት። «አሁን አንቺ» አለቻት እናቴን። «እዚህ፣ ከእጄ ሥር። ክርንሽን አታጥፊ። ተጫኚ! በትከሻሽ!»

«ይሰበራል!»

«ይሰበር! የጎድን አጥንት ይጠገናል!»

እናቴ ተጫነች። እናቴ፣ ቁጥር የእጇ መዳፍ የሆነላት ሴት፣ መቁጠር ጀመረች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት… አንተ ውሸታም… ስምንት፣ ዘጠኝ… አንተ ቀጣፊ ሰውዬ… አሥራ ሦስት… እንዳትሄድብኝ… አሥራ አምስት…» እንባዋ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሸሚዙ ላይ ይወድቃል።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ደርሰውበታል። መዋሸቱን አውቀው እየደበደቡት ነው፤ ሁለቱ ጠላቶች ተስማምተው፣ በየተራ እያረፉ። ከእኔ በቀር የሚያስጥለው የለም።

«እኔም ነበርኩበት!» ብዬ ጮህኩ። «እሱ ብቻ አይደለም! አብረን ነው የተማከርነው! ሆድ ነው የተባባልነው! ተይው፣ እማዬ፣ እኔን ምቺኝ!»

እናቴ አላየችኝም። «ሃያ ሰባት» አለች፣ «ሃያ ስምንት።»

አምቡላንሱ መጣ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ናቸው፤ የኮሪደሩ ውሃ ሊያንሸራትታቸው ነበር። ደረቱን በፎጣ አድርቀው ከማሽን ጋር በሽቦ የተያያዙ ሁለት ትላልቅ ፕላስተር የሚመስሉ ነገሮች ለጠፉበት። «ራቁ!» አለች ሴትየዋ። አባቴ ተንፈራገጠ። ቆዩ፤ አንገቱን ዳሰሱ። ሴትየዋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ እናቴ ሱሪው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እኔ ሞቷል ማለቷ መሰለኝ። «የልብ ምቱ ተመልሷል» ማለቷ ነበር።

ሆስፒታል ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ጠባብ ነው፤ እኔ መሃል፣ ታችኛዋና እናቴ ግራና ቀኝ ሆነን ተቀመጥን። ታችኛዋ አሁንም በዚያ እርጥብ ነጠላ ጫማ ናት። ከዚያ እናቴ ከእኔ በላይ አድርጋ ማውራት ጀመረች።

«ግማሽ ሰዓት ሰሃን አጠብኩ» አለች። «ሰምቻቸው ነበር እኮ። ጠዋት መታጠቢያ ቤት ሆነው ሲመካከሩ። ‹ሆዴን ሊያመኝ ነው› ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልቅጣው ብዬ ነው።»

ይኸው፣ አልኩ በልቤ። ልቅጣው ብላ እንደሆነ ራሷ ተናገረች። ቅጣቱ ደረቱ ላይ የወረደው ዱላ ነው ብዬ አመንኩ፤ ሰሃኖቹን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ለእናቴ ግን ያቺ ግማሽ ሰዓት አንድ ቀንም አልተረሳቻትም። ከዚያ በኋላ እናቴ የታጠበ ሰሃን መልሳ ስታጥብ አይቼ አላውቅም።

«እኔስ» አለች ታችኛዋ፣ «ፋብሪካ ውስጥ የእርዳታ ሣጥኑ ኃላፊ ነኝ ብለው በየዓመቱ ሁለት ቀን ያሠለጥኑኛል። በፕላስቲክ አሻንጉሊት ላይ ነው። በሰው ላይ ሠርቼ አላውቅም። አሻንጉሊቱ ደግሞ አያንኮራፋም፤ ‹ሲያቃትት እንዳትታለሉ› ሲሉን ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም ነበር።» እጆቿን አየኋቸው፤ ጭኗ ላይ ተዘርግተዋል። በአንዱ ክንዷ ላይ የጥርሴ ክብ ሰማያዊ ሆኖ ወጥቷል። እናቴም አየችው። ክንዷን ይዛ ዳበሰችላት።

«ጣሪያው ግን» አለች ታችኛዋ ቆይታ፣ «መሠራት አለበት።»

«ይሠራል» አለች እናቴ። «ዛሬውኑ ባይሆንም ይሠራል።»

አባቴን እንዳየው የተፈቀደልኝ በዘጠነኛው ቀን ነው። ሬዲዮ አልጋው ጎን ወንበር ይዞ፣ ስለ አንድ የሞተ የሥራ ባልደረባው ልብ እያወራለት ነበር። አባቴ የትም መሄድ አይችልም፤ ክንዱ ላይ ገመድ፣ ጎኑ ላይ ፋሻ አለ። እናቴ ወንድሟን «ጋሼ፣ ሐኪሙን እናናግር» ብላ አወጣችው።

ብቻችንን ቀረን። ሽታው እንኳ ተለውጧል፤ ሙጫው ጠፍቶ የመድኃኒት ሽታ ሆኗል። አልጋው ጫፍ ላይ ሆኜ ነገርኩት። ጥርሱንና ክንዱን ለእናቴ እንዳልነገርኳት፣ ጠይቃኝ «ሆዱን ብቻ» ማለቴን። የምታስመስል መስሎኝ ነው አልኩት።

ጎኑን ያዘ። መናገር ያመዋል።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለ። «እኔም መስሎኝ ነበር። አልጋው ላይ ስወጣ ለመዋሸት ነው የወጣሁት። ከዚያ ሲብስብኝ፣ ‹ይኼ ሰው ዛሬስ አበዛው› አልኩ በልቤ። እኔን ራሴን!»

ሊስቅ ፈልጎ አመመው። ከዚያ ሳቁን ተወና አየኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ የሚያመኝን ሁሉ ለእናትሽ ትነግሪያታለሽ።»

«ብትዋሽስ?»

ብዙ አሰበበት። «ብዋሽም» አለ።

ነገርኳት። ማስነጠሱን ነገርኳት፣ ማግሳቱን ነገርኳት፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ከማሽኑ ኋላ ሆኖ ያጨሳትን አንዲት ሲጋራ ነገርኳት። እናቴ በእኔም በእሱም ተማረረች። ታችኛዋ ጨው የበዛበት ነገር ሸቶኛል እያለች በመጥረጊያ እንጨቷ ከሥር ትደበድባለች። አባቴም ከሦስት ሴቶች ጋር በየቀኑ ይከራከራል፦ ጨው ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ ኪኒን ላይ። ይኼ አሥራ ሦስት ዓመት ቀጠለ።

ሁለተኛው የልብ ሕመም ሲመጣ እኔ ለሥራ ሌላ ከተማ ነበርኩ። እናቴ ከሆስፒታል ደወለችልኝ፤ ልቅሶዋ ቃሏን ዋጠው። «እማዬ፣ ሞተ?» አልኳት።

«አልሞተም። ደርሰንለታል። ሐኪሞቹም ይተርፋል ብለዋል።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ከወንበሩ ሳይነሣ ነው የጠራኝ። ‹ልቤን ነው፤ አምቡላንስ ጥሪ› አለኝ። አስፕሪን ስሰጠው አኘከ። አትንቀሳቀስ ስለው አልተንቀሳቀሰም።» እንደገና አለቀሰች። «አልተከራከረኝም እኮ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዴ እንኳ ‹እሺ› ብሎኝ አያውቅም። ‹እሺ› ሲለኝ ጊዜ፣ በቃ፣ ሄደብኝ አልኩ።»